ናሙናው ሄደ፤ ውጤቱስ?

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከምግብ ጋር ነው፤ አንዱንም ግን አልቀመስኩትም። ጤፍ፣ ገብስ፣ ዳጉሳ፣ ሽሮ፣ ማር፣ ጨው፣ የሕፃናት ዱቄት፣ ኋላ ኋላ ደግሞ በብልቃጥ የመጣ ክኒን ሁሉ በእጄ አልፏል። የመጣልኝን እፈጫለሁ፣ እመዝናለሁ፣ 500 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ አቃጥዬ አመድ አደርገዋለሁ፣ አመዱን በአሲድ አሟሟለሁ፤ ከዚያ ‹‹ምን ይዘህ ነበር?›› ብዬ እጠይቀዋለሁ። አባቴ ዳንግላ ላይ ስለ ሥራዬ ሲጠየቅ ‹‹አዲስ አበባ እህል ያቃጥላል፤ መንግሥትም ለዚያ ደመወዝ ይከፍለዋል›› ይል ነበር። እየሳቀ ነው የሚለው፤ ግርምቱ ግን የእውነቱን ነበር። እህል ሲፈስ ጎንበስ ብሎ ፍሬ በፍሬ ለሚለቅም ገበሬ፣ ሆን ብሎ እህል ማቃጠል በምንም መንገድ የሚዋጥለት ነገር አልነበረም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ የምኖረው እንጅባራ ነው። ያለፈውን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ከመሣሪያዎቹ ይልቅ ናሙናዎቹ ናቸው። ከማን ቤት እንደመጡ፣ በምን ከረጢት እንደታሰሩ፣ ማን በየትኛው ቁና እንደሰፈረልን። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ቶሎ የሚማረው ነገር ቢኖር ቁጥር ከናሙናው እንደማይበልጥ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ የገባኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ወደ ናሙናው ባለቤት ያልተመለሰ ቁጥር ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

በልጅነቴ ዳንግላ ገበያ ቆላና ደጋ የሚገናኝበት ነበር። ከባንጃና ከፋግታ ገብስና ድንች ይወርዳል፤ ከታች ዳጉሳ፣ በቆሎና በርበሬ ይወጣል። ከደጋ ከሚመጡት እናቶች መሐል አንገታቸው ላይ እንቅርት ያለባቸው ብዙ ነበሩ። እንደ በሽታ የሚቆጥረው አልነበረም። ‹‹የምንጩ ውኃ ነው›› ይባልና ይታለፋል፤ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጠም አድርገው መሸጥ መለወጣቸውን ይቀጥላሉ። ‹‹እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ›› የሚለውን ተረት እኔ የሰማሁት እንቅርቱን ዕለት ዕለት እያየሁ ነው። እንቅርቱ ከአዮዲን እጥረት እንደሚመጣ፣ ለዚህም መለኪያ እንዳለ፣ መለኪያውም የጨው ከረጢት ውስጥ እንደሚገባ ያን ጊዜ ማን ይነግረኛል?

ኬሚስትሪ የተማርኩት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኪሎ ነው። በአገራችን የምግብ ኬሚስትሪ ሲነሳ ይህ ትምህርት ክፍል፣ ትምህርት ክፍሉ ሲነሳ ደግሞ ከህንድ መጥተው ረጅሙን የሥራ ዘመናቸውን እዚሁ ያሳለፉት ፕሮፌሰር ቢ. ኤስ. ቻንድራቫንሺ ሳይጠቀሱ አይታለፉም። ቡናው፣ ማሩ፣ ጤፉ፣ ቅመሙ ምን ምን ብረታ ብረት እንደያዘ ከተማሪዎቻቸው ጋር እየለኩ ያወጧቸው ጽሑፎች ብዙ ናቸው። በሌላው በኩል ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ ጌሾን የሚያመርረው ምን እንደሆነ ፈትሸው፣ ያገኙትን ውሁድ በ1995 እ.ኤ.አ. ‹‹ጌሾይዲን›› በሚል ስም ለዓለም አስተዋውቀዋል። ጠላ ጠማቂ እናቱን እያየ ላደገ ልጅ፣ የጋኑ ነገር በሳይንስ መጽሔት መውጣቱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር፤ ለካ የሚጠናው የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም።

የላቦራቶሪ ሥራ ግን ከሩቅ እንደሚመስለው የሚያጓጓ አይደለም። አብዛኛው ጊዜ ዕቃ በማጠብ ያልፋል። ብርጭቆውን በናይትሪክ አሲድ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ በተጣራ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ናሙና የሌለበትን ባዶ ፈሳሽ ከናሙናው ጋር እኩል ማስኬድ፣ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ዱቄት ለክቶ መሣሪያውን መፈተን። ወፍጮው ብረት ከሆነ የወፍጮው ብረት ዱቄቱ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ለብረት ምርመራ የሚሆነውን እህል በሸክላ ወይም በድንጋይ ሙቀጫ እንወቅጣለን። አንድ ኩንታል ጤፍ ‹‹ይህን ያህል ብረት አለው›› ለማለት ምድጃ ውስጥ የሚገባው አንድ ሁለት ግራም ነው። ያቺ አንድ ግራም ስለ ኩንታሉ እንድትመሰክር ከከረጢቱ ላይም፣ ከመሐልም፣ ከታችም ተቀድቶ አንድ ላይ ይደባለቃል። ክምሩ እንደ ድፎ ዳቦ አራት ቦታ ይከፈላል፤ ትይዩ ያሉት ሁለቱ ሩቦች ተወስደው እንደገና ይቀላቀላሉ፣ እንደገና ይከፈላሉ። እንዲህ እየተባለ እፍኝ እስኪሆን ይወርዳል። ይህን የዘለለ ሰው ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ውድ መሣሪያ ቢኖረው አይረዳውም።

የጤፍና የብረት ነገር ይህን ከሁሉ በላይ ያስረዳል። የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት በቅጡ መለካት የጀመረው በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በ1962 የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ የኛ ትውልድ ያደገበት የሕፃናት ዱቄት፣ ፋፋም የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው። ኦግሬንና ጊብሰን በ1968 ያሳተሙት የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ለብዙ ዓመት ጠረጴዛችን ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቨ ሆፍቫንደር ኢትዮጵያዊ በምግቡ የሚወስደው ብረት እጅግ ብዙ መሆኑን ጽፈው አሳተሙ። ከዚህ በኋላ ‹‹ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው›› የሚለው ወሬ አገር አዳረሰ፤ ዛሬ ውጭ አገር በሚሸጠው የጤፍ ዱቄት ማሸጊያ ላይም ተጽፎ ይታያል።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን መጠራጠሩ አይቀርም። አንዱ ጤፍ በ100 ግራም 10 ሚሊ ግራም የማይሞላ ብረት ሲገኝበት፣ ሌላው ከ150 በላይ ይገኝበታል። እህል ከእህል ቢለያይ ይህን ያህል አይለያይም። ነገሩ ያለው አውድማው ላይ ነው። ጤፍ የሚወቃው መሬት ተደልድሎ፣ በእበት ተለቅልቆ፣ በሬ እየተነዳበት ነው። የጤፍ ፍሬ ደግሞ ደቃቅ ናት፤ አፈሩም ደቃቅ ነው፤ ነፋስም ወንፊትም ሙሉ በሙሉ አይለያቸውም። ዳንግላና እንጅባራ ያሉበት የኛ የአዊ መሬት ቀይ ነው፤ ቅላቱም ከብረቱ የመጣ ነው። አፈሩ ከመቶ አሥር እጅ ብረት ቢኖረው፣ 100 ግራም ጤፍ ውስጥ የገባች አንዲት ግራም አፈር ብቻዋን 100 ሚሊ ግራም ብረት ይዛ ትመጣለች። አብርሃም በስራትና ባልደረቦቻቸው በ1980 እ.ኤ.አ. ጤፉን በቀጭን አሲድ አጥበው ሲለኩት፣ ብረቱ ወርዶ ከሌሎች እህሎች ብዙም የማይለይ ሆኖ አገኙት።

እኛም በላቦራቶሪያችን የምንጠቀምበት መንገድ ነበር፤ ከብረቱ ጋር አልሙኒየምንም መለካት። አልሙኒየም አፈር ውስጥ ሞልቷል፤ እህል ውስጥ ግን ኢምንት ነው። ከናሙና ናሙና አልሙኒየሙ ሲወጣ ብረቱም እኩል ከወጣ፣ የለካነው አውድማውን ነው ማለት ነው። የአፈር ብረት ደግሞ አብዛኛው ከሆድ ወደ ደም የሚሻገር አይደለም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ‹‹ጤፍ እየበላሁ ነው›› ብላ ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የብረት ክኒን ብትተው ቁጥሩ አታሏታል ማለት ነው። የጤፍ ክብር በዚህ አይቀንስም፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ብረትና ዚንክን ጠፍሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል፤ ይህን ደግሞ እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ሲያደርጉት ኖረዋል።

ናሙና ለመሰብሰብ ወደ አዊ መምጣት ለእኔ ወደ ቤት መምጣት ነበር። አንድ ጊዜ በባንጃ በኩል፣ ከዝናብ በኋላ፣ መኪናው በማይገባበት መንገድ በእግር ሄደን አንዲት አሮጊት ቤት ገባን። ጤፍና ገብስ ከጎተራ ቀዱልን፤ ጨውም ከምድጃው አጠገብ ከተቀመጠ ቅል ዘግነው ሰጡን። ላስቲኩ ላይ ቁጥር ስጽፍ ትኩር ብለው አዩኝና፣

‹‹ልጄ፣ ምኑን ልታየው ነው የምትወስደው?›› አሉኝ።

‹‹እማማ፣ ውስጡ ለጤና የሚሆን ነገር እንዳለና እንደሌለ እናያለን።››

‹‹እሰይ። ካያችሁ በኋላስ ማን ይነግረኛል?››

አብሮን የነበረው የቀበሌው ልጅ በአገውኛ አንድ ነገር አላቸው፤ ሳቁ። ቡና አፍልተው ሳትጠጡ አትሄዱም አሉን። ጥያቄያቸው ግን መልስ አልነበረውም። በቅጹ ላይ የቤቱ ቁጥር፣ የከፍታው መጠን፣ የአፈሩ ቀለም የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ‹‹ውጤቱ ለባለቤቷ የሚነገርበት ቀን›› የሚል ግን የለም። የብዙ ጥናቶች ልማድ ይኸው ነበር። ናሙናው ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ቁጥሩ በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ጎተራው ያለበት ቤት ግን ምንም አይሰማም።

በዚያ ቅል ውስጥ እንደነበረው ያለ ጨው የሥራዬን ግማሽ ያህል ወስዷል። የአዮዲን ምርመራ በዓይን የሚታይ ስለሆነ ለተማሪ ሳሳየው ደስ ይለኛል። 10 ግራም ጨው በውኃ ይሟሟል፤ ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድና ፖታሲየም አዮዳይድ ይጨመርበታል። ጨው ውስጥ አዮዴት ካለ አዮዲኑ ይለቀቅና ውኃው እንደ ጠጅ ቢጫ ይሆናል። ብርሃን ሳያገኘው አሥር ደቂቃ ይቆይና ከቡሬት ታዮሰልፌት ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ቢጫው ሲፈዝ የስታርች ውኃ ይጨመራል፤ በአንድ ጊዜ ድፍን ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ ጠብታ እየቆጠሩ መጠበቅ ነው፤ በአንዷ ጠብታ ሰማያዊው ድንገት ይጠፋና ውኃው ኩልል ይላል። እዚያ ድረስ የወረደው ታዮሰልፌት ነው አዮዲኑን የሚነግረን። ከዚያች ቅል የመጣው ጨው ግን ቢጫም ሳይሆን ቀረ።

ምክንያቱ የአገር ጉዳይ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከመነሳቱ በፊት አዮዲን ያለበት ጨው በአሰብና በምጽዋ በኩል ይመጣ ነበር። ከ1998 እ.ኤ.አ. በኋላ ያ መንገድ ሲዘጋ አገሩ ፊቱን ወደ አገር ውስጡ የአፍዴራ ጨው አዞረ፤ አዮዲኑ ግን አብሮ አልመጣም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አስገደደ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ 15 ያህል ቤት ነበር፤ በ2016ቱ 89 ደረሰ። በዕድሜዬ እንዲህ በአጭር ጊዜ የተለወጠ ነገር አላየሁም።

ይሁን እንጂ ‹‹አለ›› እና ‹‹በቂ አለ›› የተለያዩ ናቸው። በዳሰሳ ጊዜ ቤት ለቤት የሚያዞሩት መመርመሪያ ጠብታ ጨው ላይ ሲደረግ ቀለሙ መለወጡን ያሳያል፤ ልኩን በትክክል አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ጨው ከማብሰያው አጠገብ ሲደርስ በአንድ ኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊ ግራም አዮዲን ይኑረው ነው። ከፋብሪካ ደህና ሆኖ የወጣ ጨው በዝናብ ተጭኖ፣ ገበያ ላይ አፉ ተከፍቶ ውሎ፣ ክረምቱ በማያባራው ባንጃ ረጥቦ ሲንጠባጠብ አዮዲኑም አብሮ ይንጠባጠባል። የቀረውን ወጡ ገና ሳይንተከተክ የገባ ጨው በእንፋሎት ያጣዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ክዳን ያለው ዕቃ፣ ከእሳትና ከጭስ መራቅ፣ ጨውን ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር። ለያች አሮጊት ይህን ለመንገር ሳይንስ አላነሰም፤ ያነሰው መልስ የሚያደርስ ሰው ነበር።

ኋላ ደግሞ ሰውነት በጥቂቱ የሚያስፈልገው ማዕድን፣ የሴሌኒየም ነገር መጣ። በ2021 እ.ኤ.አ. ዳውድ ጋሹና ባልደረቦቻቸው በታላቁ ‹‹ኔቸር›› መጽሔት ያሳተሙት ሥራ በኢትዮጵያና በማላዊ የእህል ጥራት እንደ ቦታው እንደሚለያይ አሳየ። ካርታውን ሳየው መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ወደ ምዕራብ አማራ ነው፤ በእኛ በኩል ሴሌኒየሙ ሳስቷል። ምክንያቱ ለኬሚስት ሚስጥር አይደለም። በአሲዳማ ቀይ አፈር ውስጥ ብረቱ ሴሌኒየሙን ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ለካ ያው አፈር በአንድ እጁ የማይዋሃድ ብረት ጤፋችን ላይ ይበትናል፣ በሌላ እጁ የሚያስፈልገንን ይደብቃል። ገበሬዎቻችን ለምርት ብለው የሚበትኑት ኖራ የአፈሩን አሲድ ሲያበርደው ይህንንም ሊያላላው ይችላል። ፊንላንዶች በ1980ዎቹ አጋማሽ መሬታቸው ሴሌኒየም እንደሚያንሰው ሲያረጋግጡ ማዳበሪያቸው ውስጥ ጨመሩት፤ በሕዝቡ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ አለ።

‹‹ታዲያ ክኒኑን ብንውጠውስ?›› የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ከልብሱ ቀጥሎ የሚወጣው ብልቃጥ ነው፤ ካልሲየም፣ ዚንክ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ‹‹ለሁሉም ይሆናል›› የተባለ ቫይታሚን። አዲስ አበባም የሽፈራው ዱቄት በካፕሱል ይሸጣል። አክስቴ አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ብልቃጥ ይዘው ‹‹እስቲ ይህን ለካው›› አሉኝ፤ ‹‹አንተ የምትለካው የድሃ እህል ብቻ ነው እንዴ?›› እውነታቸውን ነው። ደግሞም የካልሲየም ክኒን የሚውጡት ከዳጉሳ ጎተራ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ 100 ግራም ዳጉሳ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም አለው፤ ከእህል ወገን የሚስተካከለው የለም።

አሜሪካ ውስጥ በ1994 የወጣው ሕግ የምግብ ማሟያ አምራች ዕቃውን ገበያ ከማውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ፈቃድ እንዲጠይቅ አያስገድድም። ብዙው ደህና ነው፤ ሲሳሳት ግን ምን እንደሚሆን በ2008 ታየ። አንድ ፈሳሽ ማሟያ በአንድ መጠጫ 200 ማይክሮ ግራም ሴሌኒየም አለው ተብሎ ተለጥፎበት፣ ሲለካ 40,800 ተገኘበት፤ 201 ሰዎች ታመሙ፣ ፀጉራቸው ረገፈ፣ ጥፍራቸው ተበላሸ። ለአንድ አዋቂ በቀን 55 ማይክሮ ግራም ይበቃዋል፤ ከ400 በላይ ማለፍ አይመከርም። በሚጎድለውና በሚጎዳው መካከል ያለው ርቀት ይህችው ናት። ልዩነቱን የሚያውቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው፤ ምላስም ዓይንም አይደርስበትም። የእኛም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብን ነገር ተቆጣጣሪ አበጅቶለታል፤ ተቆጣጣሪው ዓይን የሚሆነው ግን እንደ እኛ ያለ አመድ አሟሚ ነው።

የመለካት ልማድ ላላቸውም ቢሆን ቁጥር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ዴንማርካዊው ኬልዳል በ1883 ባወጣው ዘዴ ፕሮቲን የምንለካው ናይትሮጅኑን ቆጥረን በ6.25 በማባዛት ነው። በ2008 ቻይና ውስጥ ወተት በውኃ አቅጥነው ናይትሮጅን የሞላበትን ሜላሚን የጨመሩ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ሦስት መቶ ሺህ ያህል ሕፃናት ታመሙ። እኛም በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባና አካባቢዋ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ሲገኝ ምንጩ በአብዛኛው ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ታወቀ። ወሬው ተሰምቶ ሕዝቡ ወተት ሲፈራ፣ ለላም አርቢው ‹‹ፋጉሎህን ከእርጥበት ጠብቅ›› የሚለው መልእክት ከድንጋጤው ኋላ ቀረ። ቁጥሩ ተመለሰ፤ ግን ሊሠራበት ለሚችለው ሰው አልነበረም።

አሁን እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ዳንግላና ባንጃ በእግር በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው። ወጣቶቹ አንዳንዴ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ማር፣ ድንች፣ የምንጭ ውኃ ይለካሉ። ሥራቸውን ሳነብ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ናሙናውን እንዴት እንደቀዱ ነው፤ ሁለተኛው ለማን እንደሚነግሩ። አንዳንዶቹ ‹‹ለመጽሔቱ›› ይላሉ። መጽሔቱ ጥሩ ነው፤ ሥራውን የሚያጣራለት ሌላ ሙያተኛ ያስፈልገዋል። ከመጽሔቱ ቀጥሎ ግን አንዲት ገጽ በአማርኛና በአገውኛ ተጽፋ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትድረስ፤ ሰንበቴ ላይ፣ ገበያ ቀን ይነገር። ሦስት ነገር ይበቃታል፤ ምን ተገኘ፣ ምን ማለት ነው፣ ከነገ ጀምሮ ምን ይደረግ።

የጥናት ዕቅድ ሲጻፍ ለናሙና መሰብሰቢያ የነዳጅና የውሎ አበል ይያዛል፤ ለኬሚካል ይያዛል፤ ለኅትመትም ይያዛል። እኔ ዕቅድ እንድገመግም ሲሰጠኝ የምጨምረው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ወደ ናሙናው ባለቤቶች ለመመለስ አንድ ጉዞ። ዋጋው ከአንድ የመለኪያ መሣሪያ መብራት ለውጥ ያንሳል፤ ያ መስመር የሌለበትን ዕቅድ ደግሞ ሳልፈርም እመልሰዋለሁ።